አያቶቻችንማ ይታመሙ ነበር

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጽሑፍ ደርሶታል። ርዕሱ «አያቶቻችን ለምን አይታመሙም ነበር?» ይላል። በቴሌግራም መጣ፣ በፌስቡክ ዞረ፣ የዕድር ግሩፕ ውስጥ ሳይቀር ገባ። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ከየአቅጣጫው ተላከልኝ። አክስቴማ «አንብበህ ለልጆቹ አድርግላቸው» የሚል ትእዛዝ ጨምራ ነው የላከችው። ለአክስቴ በቃል መልሻለሁ። ለሌላው ደግሞ ይኸው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው ግን ይጥማል፣ ለአገር ምግብ ያላቸው ፍቅርም ያስደስታል። የሚሉት በአጭሩ ይኼ ነው። የድሮ ወሎዬ ጤፍ፣ ገብስና ማሽላ በልቶ፣ ማርና ቅቤ ቀምሶ፣ የሆስፒታል ደጅ ሳይረግጥ ዘጠና ዓመት ይኖር ነበር። ዛሬ የምንታመመው የፋብሪካ ምግብ ኢሚዩኒቲያችንን፣ ማለትም በሽታ የመከላከል አቅማችንን፣ ስለገደለው ነው። ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ማር ይወሰድ። ኢሚዩኒቲ ከፍ ባለ ቁጥር በሽታ ይርቃል። በዚህ የጠነከረ ልጅ ክትባት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ኩፍኝ ቢይዘው ይጠነክራል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት «ሕይወት ያለው ምግብ» ስለሆነ አይቅር። አራስ ልጅ እንደ ድሮው ቅቤ ይላስ። ከአገራችን አፈር የበቀለ ነገር ማንንም አይጎዳም።

ከምስማማበት ልጀምር። ለስላሳና ብስኩት የልጆቻችንን መክሰስ ወርሰውታል። በሶና ቆሎ ይሻላሉ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሽሮ በእንጀራ፣ ጎመን ከጎኑ፣ ቃሪያ ከላይ ካለ ማንም የምግብ ባለሙያ የማያፍርበት ማዕድ ነው። ቃሪያ ጥሬውን ከተበላ በክብደት ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። የእንጀራው መቡካትም ጥቅም አለው። በእህል ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ሊጡ ሲቦካ ይኼ ይቀንስና ሰውነታችን ብረቱን በተሻለ ሁኔታ ያገኘዋል። ብቻ «ጤፍ የብረት ማዕድን ነው» ያሉት ላይ ትንሽ ቅናሽ ይደረግ። ከሚለካው ብረት ከፊሉ በሬዎች አውድማ ላይ ሲያበራዩት የተቀላቀለ አፈር ነው። ምግብ እንደጨረስን የምናስከትለው አቦልም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይሻማል። ወሎ ላይ ተቀምጬ ቡና ይቅር አልልም። ከምግቡ ትንሽ ዘግየት ይበልልን እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እውን አያቶቻችን አይታመሙም ነበር?

ሁላችንም አንድ የዘጠና ዓመት አያት እናውቃለን። በልጅነታቸው የሞቱትን የእኚያን አያት ወንድምና እህቶች ግን አናውቃቸውም። የቀሩትን ብቻ ቆጥረን «ድሮ ሰው አይሞትም ነበር» ካልን፣ ቆጠራው ከመነሻው የተበላሸ ነው። ካላመናችሁኝ አንዲት አሮጊት ጠይቁ። ስንት እንደወለዱ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደቀበሩም ጠይቋቸው።

ኅዳር 1911 ዓ.ም. የመጣውን የኅዳር በሽታ አስቡት። ዓለምን የዞረው የያኔው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ለስላሳ መጠጥ አልነበረም፣ የታሸገ ብስኩት አልነበረም፣ የሚረጋ የፋብሪካ ዘይትም አልነበረም። ሰዉ ግን እንደ ቅጠል ረገፈ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ በጠና ታመው ነው የዳኑት። ቤተ መንግሥት ማር ጠፍቶ ነው እንበል? ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ የምናቃጥለው እኮ ያ ዘመን ስላልተረሳ ነው።

ፈንጣጣም አለ። ፊታቸው የተጠቃጠቀ ሽማግሌዎች በልጅነታችን አይተናል። እነዚያ የተረፉት ናቸው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ነው። በሽታው የጠፋው ሰዉ ድንገት የተሻለ ምግብ ስለበላ አይደለም። ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ በየመንደሩ ስለዞሩ ነው። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልስ መጀመሪያ የታወቀው በምንድን ነው? የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ በመሆኑ ነው። ያኔም የሚበላው ጤፍና ገብስ ነበር።

ኮሶንም እንዳንረሳ። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። መራራውን ጨልጠው፣ ጾማቸውን ውለው፣ ትሉ እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር። ጤነኛ ሰው ይኼን ሁሉ መከራ ለምን ያያል? ሆዱ ውስጥ ትል ስላለ ነዋ። ትሉ ደግሞ የሚገባው በጥሬ ሥጋ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ሕይወት ያለው ምግብ» ሲሉ አልተሳሳቱም። ሕይወት አለው፤ አንዳንዴ ሜትሮች የሚረዝም ሕይወት።

አንድ የቁጥር ነገር ልጨምር። በ1982 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ቁጥሩ ከ60 በታች ወርዷል። ጸሐፊው «ምግባችን በእነዚህ ዓመታት ተበላሸ፣ ኢሚዩኒቲያችን ሞተ» ይላሉ። እንደሳቸው ከሆነ የሚሞተው ሕፃን መብዛት ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ያውም ከሲሶ በታች ወርዶ። ሁሉም በክትባት የመጣ ነው አልልም። ንጹሕ ውኃ አለ፣ የወባ መድኃኒት አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት አለ፣ የተሻለ የሕፃናት አመጋገብም አለ። የነጭ ሽንኩርት ዘመቻ ግን አላየሁም።

ነጭ ሽንኩርቱን ካነሳን አይቀር እንጨርሰው። ነጭ ሽንኩርት በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይገድላል። እውነት ነው። በረኪናም ይገድላል። ጥያቄው ሰውነት ውስጥ ገብቶ፣ ተፈጭቶ፣ በደም ተበትኖ ምን ይሠራል ነው። እዚህ ላይ ማስረጃው ስስ ነው። ቫይታሚን ሲም ብዙ ተጠንቷል። በየቀኑ የሚወስዱት ሰዎች ጉንፋን ከመያዝ አልዳኑም። ሲይዛቸው ብቻ ትንሽ ቶሎ ለቀቃቸው፤ ሳምንት ከሚቆይ ጉንፋን ላይ ግማሽ ቀን ያህል ቢቀንስ ነው። አዋቂ ሰው በቀን ከ75 እስከ 90 ሚሊግራም ይበቃዋል። ከሚገባው በላይ ቢወስድ ትርፉን ሽንት ቤት ይደፋዋል። ማር ለሳል ደህና ነው፤ ጉሮሮ ያለሰልሳል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል፣ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ የሕፃኑን ጡንቻ ሽባ ያደርጋል። ጽሑፉ ይኼን አንድ መስመር እንኳ አላለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ የልብ ሕመምተኛም በየጠዋቱ ብዙ ነጭ ሽንኩርት ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

«ኢሚዩኒቲ ከፍ ባለ ቁጥር ጤና ይጨምራል» የሚለው ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የባሰው ነው። እውነት ስለሚመስል። ኢሚዩኒቲ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚደረግ አንድ ነገር አይደለም። ቆዳ አለ፣ የጨጓራ አሲድ አለ፣ ያገኙትን ባዕድ ነገር የሚውጡ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን፣ በሽታ አምጪን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን የሚያመርቱ አሉ፣ ትእዛዝ የሚሰጡ አሉ፣ «በቃ፣ አቁሙ» የሚሉም አሉ። የመጨረሻዎቹ ሥራቸውን ሲተዉ ሰው ይታመማል። አስም ምንድን ነው? አለርጂስ? መከላከያው ለማይገባው ነገር ሲቆጣ ነው።

የኛን አገር ምሳሌ እዩ። አንድ ልጅ ቶንሲል ያመዋል። እናት ዝንጅብል አፍልታ ታጠጣዋለች፣ ይሻለዋል፣ ይረሳል። ሳምንታት ቆይቶ ጉልበቱን ያብጠዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሆነው ምንድን ነው? የጉሮሮውን ባክቴሪያ ለመምታት የተመረተው መከላከያ የልቡን ቫልቭ ከባክቴሪያው ጋር አምታቶ ያጠቃዋል። ይኼ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በብዛት የሚጀምረውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ በየወሩ ለፔኒሲሊን መርፌ ፈቃድ የምትጠይቅ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ደረጃ መውጣት ያደክማት ስለነበር ክፍላችንን ወደ ምድር ቤት ያስቀየርነው ለሷ ብለን ነው። የዚች ልጅ ችግር የኢሚዩኒቲ ማነስ አልነበረም። ቶንሲሉ በጊዜው በአንቲባዮቲክ ቢታከም ኖሮ ነገሩ እዚያ አይደርስም ነበር።

ወደ ክትባት ልምጣ፤ ምላሹን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ምግብ ለመከላከያ ሴሎች ስንቅ ነው። ስንቅ የሌለው ዘበኛ ይወድቃል፤ ስንቅ ያለው ዘበኛ ግን ሌባውን በመልክ አያውቀውም። መልኩን የሚያሳየው ወይ በሽታው ራሱ ነው፣ ወይ ክትባት ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም። ምንም ያህል ምስር፣ እንቁላልና ማር ቢበላ የልጁ ሰውነት ያላየውን የኩፍኝ ቫይረስ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ አይጠብቅም።

ጸሐፊው «እንግዲያው በሽታው ራሱ ያስተምረው፣ ኩፍኝ ያለፈው ልጅ ይጠነክራል» ይላሉ። ኩፍኝ ያለፈው ልጅ ዳግም ኩፍኝ አይዘውም፤ ይኼ ልክ ነው። «ይጠነክራል» ያሉት ግን በቀጥታ ተቃራኒው ነው። የኩፍኝ ቫይረስ የሚያጠቃው ትዝታ የያዙትን የመከላከያ ሴሎች ራሳቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ያልተከተቡ ልጆችን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ አወዳድሮ ነበር። ልጆቹ ከነበሯቸው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች ከ11 እስከ 73 ከመቶ የሚሆነውን አጥተው ተገኙ። ትናንት ያሸነፉት የሳንባ ምች ዛሬ እንደ አዲስ ይገባል ማለት ነው። በኛ ቋንቋ ከእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው መርፌ ትምህርቱን ይሰጣል፣ ትዝታውን አይሰርቅም።

መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ገበሬ እግሩን እሾህ ይወጋዋል፣ ባክቴሪያው በቁስሉ ይገባል። ታሞ ቢድን እንኳ መከላከያ አያገኝም። መርዙ በጣም ጥቂት ሆኖ ስለሚገድል ሰውነት የሚማርበት መጠን አይደርስም። ዳግም ሊይዘው ይችላል። እዚህ ጋ «ተፈጥሮ ያስተምረው» የሚለው ሐሳብ ጭራሽ አይሠራም። ያለው ክትባት ብቻ ነው።

የወሎ ሰው ምግብና በሽታ እንዴት እንደሚያያዙ ከማንም ሊማር አይገባውም ነበር። በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ በየመጠለያው ሕፃናትን የጨረሰው ባዶ ሆድ ብቻ አልነበረም። ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች ነበሩ። ኮረም የነበረ ሰው ይነግራችኋል። የተራበ ልጅ ታይመስ የምትባለው፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለችው እጢ ትኮማተራለች። የመከላከያ ሴሎች የሚሠለጥኑት እሷ ጋ ነው። የአንጀቱ ሽፋን ይሳሳል። ከዚያ ተራ ተቅማጥ ይገድለዋል። ተቅማጡ ደግሞ የበላውን እየወሰደ ይብስ ያከሳዋል። በዓለም ላይ የመከላከያ አቅምን በማዳከም አንደኛው የምግብ እጥረት ነው።

ጸሐፊውን የምሞግታቸው ስለዚህ «ምግብ ዋጋ የለውም» ብዬ አይደለም። እንዲያውም የምግብን ነገር አሳንሰውታል ብዬ ነው። ጉዳዩን ወደ አንድ ማንኪያ ውህድ አወረዱት። በዚያው በ2011ዱ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው አጭር፣ የቀነጨሩ ነበሩ። የአማራ ክልል ከአማካዩም የከፋ ነው። እነዚህ ልጆች የጎደላቸው ነጭ ሽንኩርት አይደለም። እንቁላል ነው፣ ምስር ነው፣ ወተት ነው፣ ከእንጀራው ጋር ቀለም ያለው አትክልት ነው። በመርሳ መንገድ ዳር የሚሸጠው ፓፓያና ማንጎ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው። ቫይታሚን ኤ የአንጀትና የሳንባ ሽፋንን ይጠብቃል። ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ሐኪም በተከታታይ ሁለት ቀን የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ጤና ጣቢያ በየስድስት ወሩ ሕፃናት አፍ ውስጥ የምትጨመቀው ጠብታም እሱ ናት። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከኦ.አር.ኤስ. ጋር የሚታዘዘው ዚንክም እንደዚሁ። እነዚህ ጥቅማቸው ተለክቶ የታወቀ ነው።

ሕንድ ጃርክሃንድ ውስጥ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ቤተሰቦች በየወሩ ሩዝ፣ ጥራጥሬና ቫይታሚን ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ውጤት ከቤተሰቡ አዲስ የሚታመሙት በ40 ከመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። ጸሐፊው ይኼን ቢጽፉ ኖሮ እኔም ከአክስቴ ቀድሜ ላሰራጨው ነበር።

ወተቱን ባጭሩ። ባቲ ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው የግመል ወተት ሳይቀምስ አይመለስም። ጥሩ ወተት ነው። ያልፈላ ወተት ግን ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከከብት የሚመጣ በሽታ ያስተላልፋል። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ስንቱ ሰው «ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው» ሲባል ወራት ይፈጃል። የከብት ነቀርሳም በዚያው በኩል ይገባል። ሲፈላ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም አይጠፋም።

«ከአፈራችን የበቀለ አይጎዳም» ለሚለው ሩቅ አልሄድም። ጓያ ከአፈራችን ነው የሚበቅለው። ድርቅ ይችላል፣ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይቆማል። ከ1988ቱ ድርቅ በኋላ ደላንታና ዳውንት ላይ ሰው ሌላ እህል አጥቶ ለወራት ጓያ በላ። ብዙ ወጣቶች ከወገብ በታች ሽባ ሆነው በምርኩዝ ቀሩ። መድኃኒት የለውም፣ አይመለስም። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ሲበላ አይጎዳም፤ ብቻውን ለወራት ሲሆን ነው። አያችሁ፣ ምግብን «የኛ» እና «የፈረንጅ» ብሎ መክፈል ብቻውን ምንም አይነግረንም።

በመጨረሻ የአራሱ ቅቤ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን እረዳቸዋለሁ። ቅቤ የሚያልሱት አያቶች በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ ጉሮሮ ያርሳል፣ ሆድ ያለሰልሳል ብለው። ግን ጎን ለጎን የሚሆነውን እዩ። አንዲት አራስ ጡቷ ላይ የሚታየውን ወፍራም ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ «ቆሻሻ ነው» ተብላ አልባ ትደፋዋለች። ልጁ አፍ ውስጥ ደግሞ የጣት ጫፍ ቅቤ ይገባል። ያ የተደፋው ፈሳሽ እናትየዋ በሕይወቷ ካየቻቸው በሽታዎች ያጠራቀመቻቸው ፀረ እንግዳ አካላት የሞሉበት ነው። የሕፃኑን አንጀት ይቀባዋል፣ ተህዋሲያን እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ቅቤው ግን ከቅሉና ከጣቱ ያገኘውን ይዞ ገና ምንም መከላከያ ያልሠራ አንጀት ውስጥ ይገባል። ጸሐፊው ተፈጥሯዊ የኢሚዩኒቲ ማጎልበቻ ፍለጋ ዝንጅብል ድረስ ከሄዱ፣ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጠባ እንገርና እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ የሚለውን እንዴት ዘለሉት? ከዚህ የበለጠ የአያት ምግብ የት ይገኛል?

ጽሑፉ ይጥፋ አልልም። ስለ በሶው፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ለስላሳው የጻፉት ይቆይ። ጸሐፊው ሁለት ቦታ ብቻ እንዲሰርዙልኝ እጠይቃለሁ፦ ክትባት አያስፈልግም ያሉበትንና አራስ ልጅ ቅቤ ይላስ ያሉበትን። ጽሑፉን ያስተላለፋችሁም ብትሆኑ፣ በተለይ ያራስ ቤት ላለው ሰው ከላካችሁ፣ ይኼንንም ወደዚያው ስልክ ላኩት። የልጁ የክትባት ካርድ የት እንደተቀመጠም በዚያው ጠይቁ። በ2014ቱ ጦርነት ጤና ጣቢያዎች ሲዘረፉ ክትባት ተቋርጦባቸው የነበሩ ቀበሌዎች አሉ። ያኔ የተወለዱና አንዱን ዙር የዘለሉ ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው። ካርዱ ከጠፋ ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ያለፈውን ዙር ማካካስ ይቻላል።